ቀጭኗ ድምፅ አለች?

ባለፈው ዐርብ ከጁምዓ ስመለስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩን አላውቀውም። ሳነሳው ሴት ልጅ ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም። አያ ይማም ነዎት? እኔ ሀያት ነኝ፤ የከማል ልጅ።»

«የቱ ከማል?» አልኳት። ጠፍቶኝ አይደለም፤ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ነው።

«የራዲዮኑ ከማል። አባቴ ጆሮው ጨርሶ ተዘጋ፣ አባባ። አዛን እንኳን አይሰማም። ሰዓት ሲደርስ ትከሻውን እየነካን የምንነግረው እኛ ነን። ወደዚህ ልመጣ ስል ‹ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ አያ ይማም አለ፤ ቢቸግርሽ ደውዪለት› ብሎ ቁጥርዎን ጻፈልኝ።»

«ወዴት ነሽ አንቺ?»

«ደማም። ሰው ቤት ገብቻለሁ። አራት ወር ሆነኝ።»

ሰው ቤት። ቆሜ ነበር፤ ከምሠራበት ወርሻ ደፍ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ደህና ነኝ ትላለች፣ ማዳሟ ክፉ አይደለችም ትላለች፣ እኔ ግን አላዳምጣትም። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥም መቆምም እንቢ አለኝ። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ አወጣዋለሁ። ሻይ አስቀዳለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ቱቅባ ሰፈር ካለው የጋራ ክፍላችን ያሉት ልጆች «አያ ይማም፣ ጉንዳን ገብቶብዎታል?» ይሉኛል።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በኋላም ከመድኃኒት ብልቃጥና ከመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከኢቃማ በቀር ብዙ አላነበብኩም። ግን ከማል እንግዲህ በስልክ አይሰማም። ያለኝን ነገር የማደርስለት በጽሑፍ ነው። ሌላም ሰው ቢያነበው ግድ የለኝም።

ከማልን ያወቅኩት በፈረንጅ 2013 ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሁሉ ዋስ የሚሆነውን አሠሪ፣ ካፊሉን ሲቀያይር፣ ሲሯሯጥ የነበረበት ወቅት ነው። እሱም ካፊል ቀይሮ እኛ ወርሻ መጣ፤ ወርሻ ማለት የመኪና ጋራዥ ነው፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ውስጥ። እኔ የመኪና መቀመጫ ልብስ እሰፋለሁ። እሱ የመኪና ራዲዮንና ስፒከር ይሠራል። ሁለታችንም ወሎዬዎች ነን፤ እኔ የሐይቅ፣ እሱ የኮምቦልቻ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ «አንቱ» እያለ ነው የሚያናግረኝ።

አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ውጪው አሸዋ፣ መሬቱ እሳት፣ እሱ ነጠላ ጫማውን በር ላይ አስተካክሎ ትቶ በባዶ እግሩ ይገባል። ሳቅኩበት።

«መስጊድ መሰለህ?»

«የሰው መኪና የሰው ቤት ነው፣ አያ ይማም። ባለቤቱ የልቡን ነገር የሚሰማው እዚህ ነው።»

ሥራውን ሲጨርስ የሚከፍተው አንድ ዓይነት ዘፈን ብቻ ነው። የፈረንጅ ነው፤ እሱ ሶፍት ሮክ ይለዋል። ጊታር አለው፣ ከበሮ አለው፣ ግን አይጮህም፤ ዘፋኙ ጆሮህ ሥር ተቀምጦ የሚያወራህ ይመስላል። ዐሥራ አንድ ዘፈን ነበረው፣ ፊት በካሴት፣ በኋላ በፍላሽ። የአገሩ ጎረምሳ መኪናውን ሊረከብ ሲመጣ «ጮክ ያለ ክፈትልኝ፣ መስኮቱ ይንቀጥቀጥ» ይላል። ከማል እንቢ ነው።

«ጯሂ ዘፈን ውሸታም ምስክር ነው» ይለኝ ነበር። «የተሰነጠቀውን ስፒከር ደህና ነው ብሎ ይምልለታል። ለስላሳዋ ግን አትዋሽም። አንዲት ሽቦ ብትላላ ታጋልጣለች።»

እንግሊዝኛ አያውቅም። የዘፈኖቹን ስም አያውቅም። ስም ያወጣላቸው እሱ ራሱ ነው። «የአሰብ መንገድ» የሚላት አለች፤ ልጅ ሳለ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ወደ አሰብ ሲወርድ ሾፌሩ እሷን በካሴት እየመላለሰ፣ ሙቀቱ መስኮት ላይ ሲንቀለቀል የሰማት ናት። «የመርዶዋ» የምትባል አለች፤ የእናቱን ሞት በስልክ ሲነግሩት መኪናው ውስጥ ክፍት የነበረችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሊያጠፋት ፈልጎ አልሆነለትም። «አጠፋኋትና ደግሞ እናቴን ያጠፋሁ መሰለኝ፤ መለስኳት» አለኝ። «የፋጡማ» የሚላት ደግሞ የሚስቱ ናት። ገና ሳይጋቡ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ደጅ ቆመው እየሰሟት፣ ፋጡማ «ምን እያለ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «ውሃ ጠማኝ እያለ ነው» ብሎ ዋሻት። ገብታ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ሰጠችው። በዚያው ተጋቡ።

እኔ አልወደድኳቸውም። ጠዋት ማታ አንድ ዓይነት ማቃሰት።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? ቁርጠት ነው?»

«ፍቅር ይዞት ነው፣ አያ ይማም።»

«ታዲያ ሽማግሌ አይልክም? እኛን ምን አድርጉ ነው የሚለን?»

ከማል ሲስቅ ወንበር ይይዛል። የወርሻው አለቃ፣ የመናዊው ሙዓሊም፣ ሳቁን ሲሰማ «ሥራ!» ብሎ ይጮሃል። ከማል ይበልጥ ይስቃል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሳቁ ቀነሰ። ሲጠሩት አይመልስም። ስታወራው ሁልጊዜ ግራ ጆሮውን ወደ አንተ አዙሮ ይቆማል። አንድ ቀን የታክሲ ራዲዮን ሠርቶ ዘፈኑን ከፈተ፤ የግራው ስፒከር ይንኮሻኮሻል፣ እንደ ደረቅ ቅጠል። እኔ እንኳን ከስፌቴ ቀና አልኩ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «ተማም፣ ደህና ነው» ብሎ ቁልፉን ለባለታክሲው ሰጠ። ባለታክሲው መንገድ አቋርጦ ሳይጨርስ ተመለሰ። ከማል በሳቅ አሳለፈው።

በዚያ ሳምንት ዐርብ ከሰዓት «ባሕር ልውሰድዎት» አለኝ። በወርሻው ፒካፕ ኒስፍ አልቀመር የሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረድን። ቤተሰቦች ምንጣፍ ዘርግተው ልጆች ይሯሯጣሉ። እኛ መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። ቀጥታ ነገረኝ።

«ቀኝ ጆሮዬ ሞቷል። ግራው እየተከተለው ነው። ሐኪም አየኝ፤ መድኃኒት የለውም አለ።»

«ለሙዓሊሙ ንገረው። ሌላ ሥራ ይስጥህ፤ እጥበትም ቢሆን።»

«የማይሰማ የራዲዮን ሠራተኛ ምን ያደርግለታል? በማግስቱ ኹሩጅ፣ የመውጫ ወረቀት፣ ይመታልኝና አገሬ እገባለሁ። እኔስ ልግባ፤ አገሬ ነው። የማስብላት ሀያት ናት።» ባሕሩን ነው የሚያየው። «ነርስነት መማር ትፈልጋለች። ሦስት ዓመት ብቻ እዚህ ልቆይላት። ካልሆነ የፋጡማ እህቶች ሁሉ በሄዱበት ትሄዳለች፤ ሰው ቤት። እኔ የሰው መኪና ሳጸዳ ኖሬያለሁ፣ አያ ይማም። ልጄ የሰው ሽንት ቤት ስታጸዳ ማየት አልችልም።»

«እና እኔ ምን ላድርግልህ?»

«ጆሮዎን ያውሱኝ።»

ወፍራሙን ድምፅ መዳፉን በሩ ላይ አድርጎ ያውቀዋል። ሲንኮሻኮሽም በእጁ እየለየ ለምዷል። «ቀጭኗ ናት ያስቸገረችኝ» አለ። «ከላይ፣ በትንንሾቹ ስፒከሮች የምትወጣው። የቁልፍ ዘለላ እንደምትንሿሿ፣ ሰሐን ላይ አሸዋ ሲፈስ እንደሚሰማ። እሷ በእጅ አትያዝም።»

«እኔ አለሁ» አልኩት። ወላሂ፣ ከልቤ ነው ያልኩት።

እንዲህ ተስማማን። እሱ ፊት ሆኖ ዘፈኑን ይከፍታል፣ እኔ ኋላ መቀመጫ ላይ መርፌ ይዤ የምሰፋ መስዬ እቀመጣለሁ። በመስታወቱ ያየኛል። የቀኙ ከተበላሸ ቆቤን በቀኝ እነካለሁ፣ የግራው ከሆነ በግራ። ደህና ከሆነ ጢሜን እዳብሳለሁ። መጨረሻ ላይ እሱ ትንሿን ጣቱን ያነሳል። «ቀጭኗ ድምፅ አለች?» ማለት ነው። ጢሜን እዳብሳለሁ፤ ራዲዮኑን ያጠፋል፤ ጫማውን ያጠልቃል።

ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ሠራን። አንድም ሰው አልነቃብንም። እኔም ሳልወድ ዘፈኖቹን ለመድኩ። ቱቅባ ስገባ፣ ልብሴን ሳጥብ፣ «የአሰብ መንገድ»ን አፍንጫዬ ውስጥ አገኛታለሁ። የክፍሌ ልጆች «ሼሁ ፈረንጅ ሆኑ!» ብለው ጮሁ። ካድኩ።

አሁን ያንን ነገር ልናገር። ያችን ቀጭን ድምፅ ሰምቻት አላውቅም። አንድ ቀንም። የቁልፍ ዘለላም፣ አሸዋም የሚባል ነገር ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። ሙያተኛ የሚያጋንነው መሰለኝ፤ ልብስ ሰፊ ለሌላ ሰው የማይታየውን ጥልፍ እንደሚያይ። «አልሰማኋትም» ብዬ ብጠይቀው ምን ነበር? እኔ ግን በሕይወቴ «አላውቅም» ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። እናቴም «ይማም በቅሎ ነው» ትለኝ ነበር። ትንሿ ጣት ስትነሳ እጄ ራሱ ወደ ጢሜ ይሄዳል። ብዙዎቹ መኪኖች በእውነት ደህና ስለነበሩ አላህ ሸፈነኝ።

እስከ 2017። አቡ ፈሀድ የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ የአገሩ ሰው፣ አሮጌ መኪናውን አመጣ። ሚስቱ ሞታለች። መኪናው ውስጥ የእሷ ካሴት ነበር፤ እሷም እንደ ከማል ያንን ለስላሳውን ትወድ ነበር አለ። ራዲዮኑን፣ ስፒከሮቹን፣ ሁሉንም «እሷ ስትሰማው እንደነበረው» እንዲያደርግለት ለመነው። አላዘዘውም፤ ለመነው። ከማል አንድ ሳምንት ለፋበት። እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም፤ እግሩንም ታጥቦ ይገባ ነበር።

ሊያስረክብ ሲል ዘፈኑን ከፍቶ በመስታወት አየኝ። ትንሿን ጣት አነሳ። ጢሜን ዳበስኩ። አላመነም፤ እንደገና አነሳ። ዳበስኩ። ዞሮ በአፉ ጠየቀኝ።

«አያ ይማም፣ በአላህ፣ ደህና አድርገው ያድምጡልኝ። ቀጭኗ አለች?»

ሦስተኛ ጊዜ ነው። ሰው ሦስት ጊዜ ሲጠይቀኝ ደሜ ይፈላል።

«አለች አልኩህ! ካላመንክ በራስህ ጆሮ ስማት!»

ከአፌ ያመለጠኝ ይህ ነው። ጆሮ ለሌለው ሰው። እሱ ራዲዮኑን አጠፋ። ጫማውን አጠለቀ።

በማግስቱ ጠዋት አቡ ፈሀድ ተመለሰ። አልተቆጣም። «ዘፈኑ ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ይመስላል» ነው ያለው። ሙዓሊሙ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሰማ፤ ሁለቱም ትንንሽ ስፒከሮች ሞተዋል። ከማልን ጠራው። ከማል ጀርባውን ሰጥቶ ሽቦ ይልጣል፤ አልሰማም። ደግሞ ጠራው። ያን ጊዜ የሙዓሊሙ ፊት ተለወጠ።

ከማልን ከፊት መቀመጫ አስቀመጠው። ዘፈኑን ከፈተ። «የፋጡማ» ነበረች። ከማል ዓይኑን ጨፈነ፣ መዳፉን በሩ ላይ አደረገ፣ እንደ ወትሮው ጭንቅላቱን መነቅነቅ ጀመረ። ሙዓሊሙ ከኋላው እጁን ሰዶ የራዲዮኑን ሽቦ ነቀለው። ጸጥ አለ። ወርሻው ሁሉ ሥራ አቁሞ ያያል። በሩ ላይ የሚሰማው የሌላ መኪና ሞተር ነው መሰለኝ፣ ከማል መነቅነቁን አልተወም። «ግራው ትንሽ ይቀንስ» አለ፤ ለሌለ ዘፈን።

አቡ ፈሀድ ፊቱን በሻርፑ ሸፈነ። «ተወው፣ ተወው፣ እንዲሁ እወስደዋለሁ» አለ። ሙዓሊሙ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ሁልጊዜ ከኋላው ትቀመጣለህ። አልሰማህም?»

«ከዚህ ሲወጣ ደህና ነበር» አልኩ። «መንገድ ላይ ሽቦው ወልቆ ይሆናል።»

እኔ ነኝ የመዘንኩት ማለት እችል ነበር። ጥፋቱ የጆሮ ከሆነ የእኔ ጆሮ ነው፣ ሁለት ሰው ነን ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ከማል አፌን አየ፤ ያልኩትን አነበበ። ከመኪናው ወርዶ ጫማውን አጠለቀ።

ካፊሉ «ኸላስ፣ በቃ» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ኹሩጁ ወጣ። የሀያት ሦስት ዓመት አንድ ዓመት ከምናምን ላይ ተቆረጠ።

ደማም ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ በዚያው ፒካፕ። መንገዱን ሙሉ ቀጭኗ እንደነበረች ስምል ሄድኩ። እሱ ዘፈን ከፈተ፤ ለእኔ ነው እንግዲህ፣ እሱማ መዳፉ በሩ ላይ ነው። እየሄድን ሳለ ራዲዮኑ ላይ አንዷን ማዞሪያ ይዞ ወደ ግራ አዞራት፣ እስከ መጨረሻዋ። ከዚያ አየኝ።

«ምን ተለወጠ፣ አያ ይማም?»

«ምንም።»

ወደ ቀኝ መለሳት፣ እስከ መጨረሻ። «አሁንስ?»

«ምንም አልተለወጠም አልኩህ። ምንድን ነው፣ ፈተና ነው?»

ብዙ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ያንን ወንበር የሚያስይዝ ሳቁን ሳይሆን ትንሽ ሳቅ። ጉልበቴን መታ መታ አደረገና «መስፋትዎን አይተዉ፤ እጅዎ የተባረከ ነው» አለኝ። ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ። ሻንጣውን ይዞ ገባ።

ዘንድሮ፣ በፈረንጅ 2019 መግቢያ ላይ፣ ራሴን እያዞረኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብተው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፉብኝ። ሲሰማህ ተጫን አሉኝ። ፊት ወፍራም ድምፅ መጣ፣ ተጫንኩ። መጣ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ጸጥ። እኔ አውራ ጣቴን ቀስሬ እጠብቃለሁ። ነርሷ በመስታወቱ ታየኛለች፣ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ብቅ ብላ «አባ፣ ሲሰማህ ተጫን» አለች።

«ክፈቺው እንጂ!» አልኳት።

«ተከፍቷል» አለች።

ሐኪሙ ቀጭን ድምፅ ካጣሁ ብዙ ዓመት እንደሆነኝ ነገረኝ። የስፌት ማሽንና ዕድሜ ነው አለ። ወንበሩ ላይ ሆኜ ያቺ የቀጭኗ ድምፅ ማዞሪያ ትዝ አለችኝ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። እሱ የዚያን ዕለት አውቋል። ኤርፖርት ከመድረሳችን በፊት፣ ሕይወቱን ማን እንዳበላሸበት አውቆ፣ እጅዎ የተባረከ ነው ብሎኝ ሄደ። ወይስ ከዚያም በፊት ያውቅ ነበር? ይህ ነው እንቅልፍና ወንበር የነሳኝ።

ወደ ሀያት ልመለስ። ትናንት፣ ማዳሟ ከምሳ በኋላ በምትተኛበት ሰዓት፣ እኔው ደወልኩላት። ከላይ የጻፍኩትን በሙሉ ነገርኳት። ጢም መዳበሱን፣ ሦስቱን ጥያቄ፣ ለሙዓሊሙ ያልኩትን። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ስጨርስ ጠየቅኳት።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ አባባ። እኛ ቤት ግን እንዲህ አላለም። ‹መንገድ ላይ ሽቦው ወልቆ ነው› ነው ያለን።»

የእኔን ውሸት ተሸክሞ ኮምቦልቻ ድረስ ወስዶታል። ምን ልበላት? ዐውፍ በዪኝ አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ መብቷ ነው። ይልቅስ «አባቴ ዘፈኖቹን ስልኬ ላይ ጭኖልኛል» አለች። «ሥራ ሲከብደኝ ቀስ አድርጌ እከፍታለሁ።»

«የእናትሽን ክፈቻት እስቲ።»

ከፈተችው። ጊታሩ መጣ፣ ሰውዬው መጣ፤ ያ ውሃ ጠማኝ የሚለው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ሀያት፣ ቀጭኗ ድምፅ አለች? እኔ አልሰማትም። አንቺ ስሚልኝ።»

ሽማግሌ ሆኜ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«አለች» አለችኝ። «ከላይ ከላይ ናት። እንደ...» እያለች ሳለ ድንገት ንግግሯን አቋረጠች። ዘፈኑም ጠፋ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አባባ፣ ማዳም ትንሿን ደወል እያንቃጨለች ነው። ልሂድ» አለችና ዘጋችው።

ደወሉን እኔ አልሰማሁትም።